ያረምኩት ቴርሞሜትር

የምኖረው ደሴ፣ የማስተምረው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እወጣለሁ፤ ጆሮዬም በየቀኑ ሁለቴ ይደፈናል። የምመራመረው ስለ ሙቀት ነው። ሙቀት ከምድጃው ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ውሃው እንዴት እንደሚያልፍ እለካለሁ፣ ከዚያ ጽፌ አሳትማለሁ። ካሳተምኳቸው ጽሑፎች አንዱ የሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል፤ እኔም ስንት ሰው እንደጠቀሰኝ ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ላይ አያለሁ። ባለቤቴ "ዛሬስ ስንት ሰው አነሳህ?" እያለች ታሾፍብኛለች።

መቁጠሬ ለከንቱ ውዳሴ ብቻ አልነበረም። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጠይቄ ማመልከቻዬ ኮሚቴው ዘንድ ነበር። ከሚፈለገው የጽሑፍ ብዛት የምደርሰው ያ ጽሑፍ ሲቆጠርልኝ ነው፤ ያለ እሱ ይጎድለኛል። ከእኔ በኋላ ተቀጥረው ማዕረጉን ያገኙ ሰዎች "ያንተስ ምን ደረሰ?" ሲሉኝ አንጀቴ ያርራል።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ባቄላ ጥዳ ትነጫነጫለች።

"እህቴ ኮምቦልቻ ላይ ጥዳው ዞር ስትል ይበስልላታል፤ የኔ ግን ይኸው ድንጋይ ሆኗል!"

"ከፍታው ነው" አልኳት፣ አስተማሪ አይደለሁ? "ደሴ አየሩ ስስ ነው። ውሃው ቶሎ ይፈላል እንጂ ሲፈላ ሙቀቱ ከኮምቦልቻው ያንሳል። ስለዚህ..." ቀሪው አፌ ውስጥ ቀረ።

ለዚያ ጽሑፍ ግማሹን ልኬት የወሰድኩት ኮምቦልቻ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። መብራት እየጠፋ ሲያስመርረኝ መሣሪያዬን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ደሴ አወጣሁትና ቀሪውን እዚሁ ኩሽናችን ውስጥ ጨረስኩ። እዚህ ውሃው ሲፈላ ቴርሞሜትሩ ከኮምቦልቻው ዝቅ ብሎ አነበበ። እኔ ጀግናው፣ መንገዱ አንገጫግጮ አበላሽቶት ነው ብዬ ልዩነቱን እየደመርኩ "አረምኩት"። ለካ ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር! ደሴ ባቄላ የቀቀለች ሴት ሁሉ የምታውቀውን፣ በሙቀት ዶክትሬት የሠራሁት ሰውዬ ረሳሁት።

ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። የደመርኩት ሁሉ በገዛ እጄ ጽሕፈት ተቀምጧል። ያ አላህ! ያ ሁሉ ሰው ሲጠቅሰኝ የኖረው በዚህ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ደብተሬን እየከፈትኩ መልሼ እዘጋለሁ። ማንም አላወቀብኝም፤ ዝም ብል ዝም ይላል። ለአንድ ባልደረባዬ ብነግረው "አብደሃል እንዴ? መጀመሪያ ኮሚቴው ይወስንልህ፤ ከዚያ ታርመዋለህ" አለኝ። እውነቱን ልናገርና ምክሩ ጣፈጠኝ። ለባለቤቴ ይህንኑ ስነግራት ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"ማዕረጉን ካገኘህ በኋላማ ጭራሽ አትናገርም። ወላሂ፣ አውቅሃለሁ!"

በጣም ተናደድኩባት። ያናደደኝ ልክ መሆኗ ነው።

ስህተቴን ጽሑፉን ላሳተመው መጽሔት ጻፍኩ። የደብዳቤውን ግልባጭ ይዤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ገባሁ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

"ማን አገኘብህ?"

"ማንም ጋሼ። ራሴ ነኝ።"

"በምን?"

"በባቄላ።"

ጉዳዩን ሳስረዳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን እስክሪብቶ አንስተው ጽሑፉን ከዝርዝሬ ሰረዙት።

"መጽሔቱ እስኪወስን አይቆጠርልህም። ይህ ዙር አለፈህ ማለት ነው። አብሽር።"

ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ነገር በአንዲት ጭረት ሄደ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ከቢሮው ስወጣ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ሸክም አብሮኝ አልወጣም። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ደሴ እስክንደርስ እንቅልፌን ለጠጥኩት፤ የቀሰቀሰኝ ረዳቱ ነው።

ከወራት በኋላ የመጽሔቱ መልስ መጣ። የደሴዎቹ ቁጥሮች ተቀየሩ፣ መደምደሚያው ግን አልፈረሰም፤ እርማቱም በስሜ ወጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ለቀጣዩ ዙር እንደገና አመለከትኩ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እርማቱ በወጣ ሳምንት ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሴት ናት። ሌላ ከተማ፣ እንደ ደሴ ከፍታ ላይ ባለ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ መሆኗን ነገረችኝ። የመመረቂያ ሥራዋ የተመሠረተው በእኔ ጽሑፍ ላይ ነው።

"ዓመት ሙሉ ብደጋግመው ከእርስዎ ሰንጠረዥ ጋር አልገጥም አለኝ። ሁሌ የኔው ዝቅ ይላል። አማካሪዬ ጥንቃቄ የለሽም አሉኝ። መሣሪያ ቀየርኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ባለፈው ወር ትምህርቱን ልተወው ወስኜ ነበር። እርማትዎን ያነበብኩት ትናንት ነው።"

ይቅርታ ልላት ስል ቀደመችኝ።

"እኔ እኮ አልችልም ማለት ነው ብዬ ነበር" አለችና ለቅሶው አሸነፋት።

ሻዬን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። "አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "እኔ ነኝ። አንቺ ከመጀመሪያውም ልክ ነበርሽ።" ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሰው እየገፋኝ ያልፋል። መስማቷን እርግጠኛ አልነበርኩምና ጮክ ብዬ ደገምኩላት።