የመደብ ስህተት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ልብ ወለድ ጻፍኩ። ሌላው ተማሪ ሽፋኑ የተገነጠለ የፍቅር መጽሐፍ ሸጉጦ ሲዞር፣ እኔ ጅብ ስለምትሆን ልጅ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጨረስኩ። ልጅቷ ከከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ትኖራለች፤ ጅብ ስትሆን ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ትሮጣለች። የምትለወጠው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ምን ላድርግ፣ ማታማ ሰዓት እላፊ አለ! አብዮቱን የምታከብር ሥርዓት ያላት ጅብ ነበረች።

እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ቡዳ ደግሞ ጅብ ይሆናል ይባላል። ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ሳህን አይበላም፤ ቤት ቢመጣም መደብ ላይ ተቀመጥ አይባልም። ደጋ ያለችው እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔ የምማረው ሴቻ፣ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ነው፤ አክስቴ ከተማ ከገባች ወዲህ ዘሯን ደብቃ፣ የሸክላ ድስት እንኳ በጨርቅ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ማንም አያውቅብኝም ነበር። በተለይ አጠገቤ የምትቀመጠው የሙዝ አገር፣ የላንቴዋ ጓደኛዬ። ምሳዋን ቂጣ ይዛ ትመጣለች፣ በአንድ ሳህን እንበላለን፣ ታጎርሰኛለች። ያቺን ጉርሻ እንዳላጣ ስል የማልሆነው ነገር አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን ከእሷ ጋር ሲቀላ ስንዞር እናቴን እንስራና ድስት ደርድራ አገኘናት። ጓደኛዬ አንዱን ድስት አንስታ ታገላብጥ ጀመር። እኔ ጀግናዋ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ስንት ነው፣ እትዬ?»

የገዛ እናቴን! ቀና ብላ አየችኝ። ገባት።

«ለእናንተ እቀንሳለሁ፣ ልጆቼ» አለች።

ትንሽ ራቅ እንዳልን ጓደኛዬ «ደግ ሴትዮ ናቸው። ግን እጃችንን እንታጠብ» አለችኝ። ታጠብኩ።

የአማርኛ አስተማሪያችን የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ክበብም መሪ ነበር። ደብተሬን ከዴስኬ ውስጥ አገኘና ወሰደው፤ በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ አጨማልቆ መለሰልኝ። ጅቧ አድኃሪ ሆና በሰፊው ሕዝብ እንድትደመሰስ አዟል። ይሁን። አንድ ገጽ ላይ ግን «እናቴ ሸክላ ስትሠራ» የሚለውን አክብቦ በጎኑ «የመደብ ስህተት!» ብሎበታል።

ክው አልኩ። ያን ጊዜ መደብ ሲባል ጭቁን መደብ፣ በዝባዥ መደብ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ የደረሰበት መሰለኝ። ለካ ሰውዬው የሚያወራው ሰዋስው ነው! ልጅቷን በሦስተኛ መደብ ስጽፍ ቆይቼ፣ እዚያ ጋ ብቻ «እናቷ» እንደማለት «እናቴ» ብያለሁ። አንዲት ፊደል።

«አርመሽ ነገ ክበቡ ፊት ታነቢዋለሽ» አለኝ።

በማግስቱ ቆምኩ። ጓደኛዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ፈገግ ትልልኛለች። እዚያ ገጽ ስደርስ በቀይ የታረመችው «እናቷ» ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። እናቴ ገበያ ላይ ያየችኝ አስተያየት ትዝ አለኝ፤ አንገበገበኝ።

«እናቴ ሸክላ ስትሠራ» ብዬ አነበብኩ።

«እናቷ!» አለ አስተማሪው።

«እናቴ ናት፣ ቲቸር።»

«አንቺ ልጅ፣ መደቡን አርሚ አልኩሽ እኮ!»

«መደቤ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሲቀላ ገበያ ድስት ትሸጣለች።»

ዓመቱን ሙሉ ስለ ጭቁኖች ሲሰብከን የኖረው ሰው አንዷ ጭቁን በሕይወት ፊቱ ስትቆምለት ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ተሻገረ።

ጓደኛዬ አልሸሸችኝም፣ ልመስክርላት። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ቂጣ ግን አልነበረም። ሙዝ ነው ያመጣችው፣ ከነልጣጩ። አንዱን ዴስኩ ላይ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችልኝ።

«ከጓሯችን ነው፣ ብይ» አለች ሳታየኝ።

መቼም ልጣጭ ያለውን ነገር ጅብም ቢነካው ችግር የለውም! አለቀስኩ እንዳልል ንፍጤ ነው የቀደመኝ። ሙዙን አልበላሁትም።

በገበያው ቀን ይዤው ሲቀላ ወረድኩና ሰው ሁሉ እያየኝ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ሙዙን ዘረጋሁላት። ጭቃ የደረቀበት እጇን ሳትዘረጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ነው፣ እትዬ?» አለችኝ።