ሂሱን ተቀብላለች

በሥራ ዘመኔ የተሳሳትኩትን ሁሉ በማግስቱ አርሜያለሁ። ሳላርማቸው የቀሩት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። የጻፍኳቸው ሐዋሳ፣ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር። በዘመኑ ግን አላመካኝም፤ ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ወጣት ሪፖርተር ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ጸሐፊ ያደረጉኝ የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ስለምጽፍ ነው። በዚህ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ የታወቀ የውጭ አገር አሳዛኝ ተውኔት እንለማመድ ነበር። ሹመት የቀረበት ሰው አዛዡን ለመጣል የአዛዡን ሚስት ስም ያጠፋል። በግልጽ አይከስም። ይጠይቃል፣ ጀምሮ ይተወዋል፣ «ይቅር፣ አልናገርም» ይላል። አዛዡም በቅናት ታውሮ ሚስቱን ይገድላል። ሻይ ስንጠጣ የዚህ አዛዥ ነገር መሳቂያችን ነበር።

«ሰው እንዴት አንዴ እንኳ ሚስቱን አይጠይቅም?» ትል ነበር ሚስት ሆና የምትጫወተው ሴት።

«ቢጠይቃትማ ሕዝቡ ቲኬቱ ሳይቀደድለት ቴአትሩ ያልቅ ነበር» ይላታል አዛዡን የሚጫወተው።

እሷ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቤቷ ከሐይቁ ተቃራኒ፣ በከተማው ምሥራቅ በኩል ነው። ባሏ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር ዓሣ ይመዝናል። ሁለቱም ጸሎት በየቤቱ ተደብቆ በሚደረግበት በዚያ ጊዜ እምነታቸውን ያልተዉ ጴንጤዎች ነበሩ፤ ቴአትር ላይ እንድትወጣ ባሏ የፈቀደላት የቢሮ አለቃዋ አስጠርቶ ስለነገረው ነው። አዛዡን የሚጫወተው አስተማሪ ነው፤ በዚያ ዓመት የቡድኑ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጧል። ስም አጥፊውን የሚጫወተው የቀበሌ ሱቅ ሻጭ ነው። ከአስተማሪው በፊት ሊቀመንበሩ እሱ ነበር። በድምፅ ሲሸነፍ አቅፎ ሳመው። ሁላችንም አየን፤ ትልቅ ሰው ነው አልን።

ልምምድ ሲያበቃ ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። የዘመኑ ደንብ ነው። ሂስ የቀረበበት ሰው ከተከራከረ «ተቃውሟል» ብዬ እጽፋለሁ። ዝም ካለ «ተቀብሏል» እላለሁ። ሦስተኛ ነገር አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎችም እንዲሁ ነበር የጻፉት።

አስተማሪው ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ በቀረበት ቅዳሜ ሻጩ እጁን አወጣ።

«ጓዶች፣ ክፉ አስቤ አይደለም» አለ። «የዚህች ጓዳችን ቤት ምሥራቅ በኩል ነው። ልምምድ ስንጨርስ ግን ከሊቀመንበራችን ጋር ወደ ሐይቁ በኩል ስትሄድ ሦስት ጊዜ አየሁ። እኔ ምንም አላልኩም። ሕዝብ ግን ያያል። ለቡድናችን ስም ስል ብቻ ነው የማነሳው። ካጠፋሁ ታርሙኛላችሁ።»

እሷ መሬት መሬት አየች። አንገቷ ድረስ ቀላች፤ አፏን አልከፈተችም። ሰብሳቢ ሆኖ የተቀመጠው ሰው ጠበቃትና «እንለፍ» አለ። እኔም ጻፍኩ፦ ሂሱን ተቀብላለች።

በኋላ ያጣራሁት ይህ ነው። የአስተማሪው ቤት በሐይቁ በኩል ነው፤ ሚስቱም አራስ ነበረች። ታይፒስቷ ሦስቱንም ቀን የሄደችው አራስ ልትጠይቅ ነው፤ ወተት ይዛ። ጎረቤቶች ያውቃሉ፣ አራሷም ታውቃለች። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። ስለ አንድ ድልድይ ዜና ለመጻፍ ሦስት ሰው የምጠይቅ ሰው፣ ስለ አንዲት ሴት ስም አንድ ሰው አልጠየቅሁም።

በሳምንቱ ባሏ ስኳር ሊወስድ ቀበሌ ሱቅ ሄደ። ሻጩ እየመዘነ አንገቱን ነቀነቀ።

«ምነው?» አለው ባሏ።

«ተወው ወንድሜ። አንተ ደህና ሰው ነህ።»

«ምንድን ነው?»

«ወረቀት አለ። ግን አታንብበው። እኔ ላንተው ብዬ ነው።»

ይህን የነገረኝ ራሱ ባሏ ነው። ለአባላት የሚታደለውን የቃለ ጉባኤ ቅጂ ለምኖ ተቀበለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ማኅተም አለ፣ የእኔ ፊርማ አለ። ሻጩ ምንም አልከሰሰም። እኔ መሰከርኩለት።

ባሏ አልመታትም፣ አልጮኸባትም። ልብሷን በሻንጣ አድርጎ ይርጋለም እናቷ ቤት አደረሳት። የአራት ዓመት ሴት ልጃቸው ግን ከእሱ ዘንድ ቀረች።

ከመሄዷ በፊት ቢሮዬ መጣች።

«ለምን አልመለስሽም?» አልኳት። ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ጠየቅኋት።

«መልስ ብሰጥ ጥያቄው ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ወንዶች ፊት የምመልስ ሴት አይደለሁም። ልጄን እንድወስድ እውነቱን ጻፍልኝ።»

«ቃለ ጉባኤ ያለ ጉባኤው ውሳኔ አይታረምም» አልኳት። እንዲህ አልኳት፣ ያውም ረጋ ብዬ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማረሚያ አቀረብኩ። ሻጩ ደገፈኝ። «ጓድ ትክክል ነው፤ ግን ይጣራ» አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። አስተማሪው «እስኪጣራ» ተብሎ ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ፤ ሻጩ በቦታው ተተካ። ውጭ ላይ ያዝኩት።

«ምን አደረግኩ?» አለኝ እየሳቀ። «እኔ ጠየቅኩ። የጻፍከው አንተ ነህ።»

ቴአትሩ በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ተጫውታበት ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሻጩ ለአዛዡ ሲያንሾካሽክ አንዲት ባልቴት ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አትመነው ልጄ፣ ቀጣፊ ነው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብነው ከፊት የተደረደርነው የቡድኑ አባላት ነን። እኔም በማግስቱ ስለ ሻጩ «ተፈጥሯዊ ችሎታ» ዜና ሠራሁ። ያ ዜና ስህተት አልነበረበትም።

ወር ሳይሞላ አሞራ ገደል ወርጄ ለባሏ ሁሉንም ነገርኩት። ዓሣ እየመዘነ ሰማኝ፤ ዓይኑን ከሚዛኑ አላነሣም።

«አራስ ልትጠይቅ ነው?»

«አዎ። አራሷን ራስህ ጠይቃት።»

«ታዲያ ተቀብላለች ለምን አልክ?»

«ደንቡ ነው። ዝም ያለ ሰው…»

«ደንቡ ከቤቷ አስወጣት» አለ። «እንግዲህ ደንቡ ይመልሳት።»

ቢሆንም ሄዶ አራሷን ጠየቀ። አንዴ መጠየቅ ነበረበት፤ ጠየቀ። ከዚያ ከጸሎት ጉባኤያቸው ሁለት ሽማግሌ ይዞ ይርጋለም ወረደ፤ እኔንም «አንተም ና» አለኝ። ትንሿ ልጅ አብራን ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ረጅም ሰዓት ተናገሩ። ባሏ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የልጅቷን ጸጉር ትፈታ ነበር። አንዱ ሽማግሌ በመጨረሻ «እንግዲህ ልጄ፣ ዝም ካልሽ እሺ ማለትሽ ነው» አሏት።

ቀና ብላ የተመለከተችው እሳቸውን አይደለም፤ እኔን ነው።

«ዛሬስ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?» አለችኝ።

ደብተር አልያዝኩም ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ እርስዎም ይስሙኝ፣ እርስዎም። ልጄን ተቀብያለሁ። ሌላ የተቀበልኩት ነገር የለም፤ ያኔም፣ አሁንም።»

ትንሿ ልጅ እናቷ ዘንድ ቀረች። ባሏ፣ ሽማግሌዎቹና እኔ ያለ እነሱ ወደ ሐዋሳ ተመለስን።