በተርቡ ረድፍ ላይ የታየችው መስመር

የተርብ መርዝ ማውጣት የብቸኛ ሰው ሥራ ነው። ንቦች ይሻላሉ፤ ቀፎው አፍ ላይ መስታወት ተነጥፎ በላዩ በተዘረጋው ሽቦ ቀላል ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ በንዴት መስታወቱን ይነድፉታል። የደረቀውን መርዝ በምላጭ መፋቅ ብቻ ነው። ተርቧን ግን አንድ በአንድ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ የመርዝ ከረጢቷን በወረንጦ መሳብ ያስፈልጋል።

ከገሱባ ገጠር ሰብስቤ በበረዶ ሳጥን ያመጣኋቸውን ተርቦች ለመጨረስ ሳምንታት ፈጀብኝ። በእነዚያ ሳምንታት ቀኑን ሙሉ ያናገርኩት ሰው ቢኖር የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እሱንም «ወራጅ አለ» ብቻ። እዚህ ሶዶ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የማውቃቸው የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው፤ እኔ ስገባ ወሬያቸውን ከወላይትኛ ወደ አማርኛ ይቀይራሉ። ያን ጊዜ ግን ሳቁ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቶሎ መውጣት ለመድኩ።

የማጠናው የንብና የተርብ መርዝ በምን ፕሮቲን እንደሚለያይ ነበር። ጄል በሚባል ለስላሳ ንጣፍ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ፕሮቲኑ እንደ ክብደቱ ተለይቶ መስመር በመስመር ይቀመጣል። በዐቢይ ጾም አጋማሽ በተርቡ ረድፍ፣ ከፍ ብሎ፣ ያልጠበቅኳት ቀጭን መስመር ታየች። በንቡ ረድፍ የለችም። ደገምኩት፤ አሁንም አለች።

አማካሪዬ «ይቺ እውነት ከሆነችማ የመመረቂያ ጽሑፍሽ አለቀ» አሉኝ። ወዲያው ደብረ ታቦር እናቴ ጋ ደወልኩ። «እግዚአብሔር ሰማኝ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ» ስላት እልል አለች። ሁለት ፋሲካ ተለያይተን ውለናል።

የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ዝምተኛ የሶዶ ሰው፣ አንድ ቀን ስሠራ ሲያዩኝ ቆዩና «እህቴ፣ አትቆጪኝና ልጠይቅሽ» አሉ። «ተርብ ግንባር አላት እንዴ?»

«እንዴት ጋሼ?»

«የተርቡን ብልቃጥ ከመክፈትሽ በፊት ታማትቢያለሽ። ከነጓንቱ። ግንባርሽን ትነኪና በዚያው እጅ ብልቃጡን።»

ደነገጥኩ። የንቡ መርዝ ብዙ ስለሆነ ዝም ብዬ እከፍተዋለሁ፤ የተርቡ ግን ጠብታ ናትና እንዳትባክን ሳላማትብ አልነካትም ነበር። ከሰው ቆዳ የሚረግፍ ፕሮቲን ጄል እንደሚያበላሽ ለአዲስ ተማሪዎች የምናገረው እኔው ነኝ!

«እኔ እንግዲህ ለማንም አልተናገርኩም» ብለው ወጡ።

መርዝ የሌለበት፣ ውሃ ብቻ ያለበት ብልቃጥ አዘጋጀሁ። ከነጓንቴ አማትቤ ከፈትኩትና ውሃውን ጄል ላይ አስኬድኩት። መስመሯ ወጣች፤ እዚያው ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ። እግዚአብሔርን ሳመሰግንባት የከረምኩት መስመር የገዛ ግንባሬ ቆዳ ኖሯል። ማማተቤ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ያንን ጄል ጥዬ ዝም ልበል ይሆን ብዬ እስከ ማግስቱ ማሰቤ ነው።

በማግስቱ ወስጄ አሳየኋቸው። አማካሪዬ ጄሉን ከድሮው ጋር አስተያዩና «ተርቡን እንደገና» አሉ። እንደገና ማለት ተርቡን ከገሱባ ከመሰብሰብ ጀምሮ ነው።

እናቴ ስነግራት «ታዲያ ማማተብ ክልክል ነው አሉሽ?» አለች።

«አይደለም እማዬ፤ ከእንግዲህ ጓንት ከማድረጌ በፊት አማትባለሁ።»

«በይ እሱማ ጥሩ ነው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ለፋሲካ የገዛሁልሽን ዶሮስ ላቆያት?»

«አታቆያት» አልኳት።

በፋሲካ ሳምንት ላቦራቶሪው ውስጥ ማንም አልነበረም። አማተብኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ከዚያ ጓንት አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ጄሉን ብርሃን ላይ ሳስቀምጠው የተርቡ ረድፍ ላይኛው ክፍል ንጹሕ ነበር። መስመሯ የነበረችበትን ቦታ፣ በጣቴ ሳልነካው፣ ብዙ አየሁት።