ከውስጥ የሚቆለፍ በር

ልጄ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርቷን እንደጨረሰች ሐዋሳ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለክረምቱ የኮምፒውተርና የሒሳብ አያያዝ ኮርስ ተቀበላት። እኛ የምንኖረው በንሳ ነው፤ በየቀኑ ተመላልሰው የሚማሩበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ክረምቱን የት ትተኛለች? ለባለቤቴ ግን ይሄ ጥያቄም አልነበረም። ታላቅ እህቱ እዚያው ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ትልቅ ቤት አላቸው። እሱ ራሱ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው እዚያ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ እየተኛ ነው። "እህቴ እያለች የምን ኪራይ ቤት?" አለ፤ ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ልጄን የትም አልልክም አልኩና ሱቄን ዘግቼ ሐዋሳ ወረድኩ።

የባለቤቴን እህት እትዬ ነው የምላቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነውን የሰማ ሰው ሁሉ እንደማልወዳቸው ነው የሚያስበው። ከገጠር ለሕክምና የመጣ ዘመድ፣ ለጸሎት ፕሮግራም የመጣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ የጎረቤት ጎረቤት፣ ሁሉም እሳቸው ቤት ያርፋል። የግቢያቸው በር ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ቤታቸው ለማንም ክፍት ነው እያለ ያመሰግናቸዋል፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ከአመስጋኞቹ አንዷ ነበርኩ።

ለልጄ ያዘጋጁላትን ክፍል በኩራት አሳዩኝ። ንጹሕ ነው፤ አዲስ አንሶላ ተነጥፎበታል። በር ግን የለውም፤ መጋረጃ ነው። ከሳሎን ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ መጋረጃውን እየታከከ ነው የሚያልፈው።

ምሳ ቀረበ። ከእንግዶቹ መካከል አንድ ጨዋታ የሚያውቅ ጎልማሳ ሰው አብሮን ተቀምጦ ነበር። ደህና አድርጎ በላ፣ እጁን ሊታጠብ በመጋረጃው በኩል አለፈ፣ ተመለሰ፣ ቤቱን መርቆ ወጣ። እትዬ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው፣ ያ ሰውዬ ካንተ ጋር ነው ወይ የመጣው አሏቸው። ባለቤታቸው ደግሞ የእትዬ የጸሎት ቡድን ሰው መስሏቸው ነበር። ሌላው እንግዳ ተጠየቀ፤ እሱም አያውቀውም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሳይሆንም አይቀርም። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንቀር ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳቸው። ለልጄ የሚቆለፍ ክፍል ልፈልግላት ነው አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ከማን ነው የምትደብቂያት? ይሄ እኮ የገዛ ቤቷ ነው።"

"ከማንም አይደለም እትዬ። ዛሬ አብሮን የበላው ማን እንደሆነ እርስዎም ስለማያውቁ ነው።"

የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ደወለ፤ እህቱ ቀድመውኝ ነግረውታል። ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እህቴን ቤት እንደ ሆቴል ቆጠርሽው አለኝ። እኔ እዚያ ሳሎን ተኝቼ ምን ሆንኩ አለ። አንተ ወንድ ነበርክ አልኩት፤ ምንም ካልሆንክ ተመስገን፣ እኔ ግን በኋላ ተመስገን እላለሁ ብዬ ሴት ልጅ አልልክም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አለቀስኩ። ሲነጋ ግን ሐሳቤ ያው ነበር።

አንድ ደላላ ይዤ ከተማዋን በባጃጅ አካለልኩ። ጎረምሳው አፉ ጤፍ ይቆላል። መጀመሪያ ባህል አዳራሽ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል አሳየኝ፤ ንፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው እያለ መስኮቱን ከፈተው። ከንፋሱ ጋር ከሥር ካለው ግሮሰሪ ሙዚቃ ገባ፤ ገና በረፋዱ ደረጃው ላይ የሰከረ ሰው ተቀምጧል። ወረድን። ከተማው ዳር፣ ቱላ ያየሁት ቤት ደግሞ ግቢው ሰፊ፣ ቤተሰቡም መልካም ነበር፤ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ድረስ ግን በበቆሎ ማሳ መካከል ነው የሚኬደው፣ ልጄ ከክፍል የምትወጣው ደግሞ ሊመሽ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ እዚህ ድረስ ይገባል ወይ ብዬ ሹፌሩን ብጠይቀው ሳቀ።

ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ደላላው በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ቁልፍ እየነካካ አሞገሰው። ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። መቀርቀሪያ የለውም። ደላላው ከውጭ ሆኖ በጣቱ ገፋ ቢያደርገው ተከፈተ። እንዲህ ያለ ቁልፍ እያለ ሌላ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

"ይሄ ቁልፍ ልጄ ስትወጣ ሻንጣዋን ይጠብቃል" አልኩት። "ስትገባ እሷን ምን ይጠብቃታል?"

መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቆይቶ እሱም እህት እንዳለችው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ወሬውን ቀነሰ። ያላሳየኝ አንድ ቤት እንዳለ፣ አከራይዋ ግን ለሰው የሚመቹ እንዳልሆኑ፣ ተከራይ ሁሉ እንደሚያማርራቸው ነገረኝ። ውሰደኝ አልኩት።

ቤቱ እዚያው ታቦር ነው፤ ከእትዬ ቤት በእግር ይደረሳል። አንኳኳን። ከመከፈቱ በፊት ማን እንደሆንን፣ ማን እንደላከን፣ ለምን እንደመጣን በበሩ ቀዳዳ ተጠየቅን። ደላላው ውጭ ቀረ፤ እኔ ገባሁ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ግቢውንም እንደ ሆስፒታል ዋርድ ነው የሚያስተዳድሩት። ተከራዮቹ ሁሉ ሴት ተማሪዎች ናቸው። ጠያቂ የሚመጣው እሑድ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ተደውሎ። ክፍሉን ሳያሳዩኝ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝና ሐዋሳ ዘመድ የላችሁም ወይ አሉኝ። አለን አልኩ።

"ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?"

"ቤታቸው ሰው ይበዛዋል" አልኩ።

ገባኝ አሉና ክፍሉን ከፈቱልኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል። በሩን ዘግቼ መቀርቀሪያውን ገፋሁት፤ ገጭ ብሎ ገባ። እጀታውን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። የመጸዳጃ ቤቱም በር እንደዚሁ ነው፤ መብራቱም ይሠራል። ስወጣ ሴትዮዋ ቆመው ያዩኝ ነበር። አልወደድኳቸውም፤ እሳቸውም እኔን የወደዱኝ አልመሰለኝም። እዚያው ተስማማን። ስንሰናበት እኔ የማውቀው አንቺን ብቻ ነው፣ ከአንቺ ሌላ ሰው ከመጣ መጀመሪያ አንቺ ትደውይልኛለሽ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ልጄ በገባች ሰሞን እየደወለች እስር ቤት ነው ትለኝ ነበር። አከራይዋ የገባችበትን ሰዓት ይጠይቋታል፤ ጓደኛ ይዛ ብትመጣ በረንዳ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ቻይው አልኳት። ቆይታ ግን ወሬዋ ሁሉ ስለ ትምህርቷ ሆነ፤ ማጥናት ስትፈልግ ቀርቅራ እንደምታጠና፣ እንቅልፏም ደህና እንደሆነ ነገረችኝ። እሑድ እሑድ ምሳ የምትበላው አክስቷ ቤት ነው። እትዬ እሷን በደስታ ይቀበሏታል፤ የእኔን ስልክ ግን ክረምቱን ሙሉ አላነሱም። ይሄ እንደሚሆን አውቄ ነው የገባሁበት፤ ቢሆንም ከፋኝ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ለሥራ ሐዋሳ ወረደ። እስከዚያ ድረስ ስለ ቤቱ ጉዳይ ከእኔ ጋር ቃል አልተነፈሰም። ልጄን አያታለሁ፣ ካልተመቻት እህቴ ቤት አስገብቻት እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው። እኔ ሱቄ ውስጥ የሚዜ ቀሚስ ጠርዝ በመርፌ እየጠቀምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ነው። ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"አላስገባም አሉኝ" አለ። "አባቷ ነኝ እያልኳቸው።"

መታወቂያውን በበሩ ቀዳዳ አሳይቷቸዋል፤ መታወቂያ አባትነትን አይናገርም ብለውታል። በሲዳሙ አፎ ለመናቸው፣ በሲዳሙ አፎ እምቢ አሉት። በአማርኛ ሞከረ፣ በአማርኛም እምቢ። ልጃችን ድምፁን ሰምታ ከክፍሏ ወጥታ አባቴ ነው ብላለች፤ እሳቸው ግን አባቴ፣ አጎቴ፣ ወንድሜ የተባለ ብዙ አይቻለሁ፣ ቀኑም እሑድ አይደለም ብለው ወደ ክፍሏ መለሷት።

"ታዲያ ምን ይሁን አሉ?"

"እናቷ ትደውልልኝ አሉ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሺ እደውላለሁ አልኩት፤ ወዲያው ግን አልደወልኩም። ጠርዙን ጠቅሜ ጨረስኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ያን ያህል ዝናብ ቢመታው አይሟሟም። ከዚያ ለሴትዮዋ ደወልኩላቸው። ምን እንደለበሰ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፣ ጃኬቱን የሰፋሁለት እኔው ነኝ። በሩ ተከፈተለት፤ ልጃችንን በረንዳው ላይ፣ ሴትዮዋ እያዩት አነጋገራት።

በንሳ ሲመለስ ሴትዮዋ ክፉ ናቸው አለኝ። እራቱን በላ። እጁን እየታጠበ፣ "ከዚያ ቤት እንዳታስወጫት" አለ።

መስከረም ሲጠባ ልጃችን ኮርሷን ጨርሳ ተመለሰች። ያን ዕለት ገበያ ስለነበር ቤታችን በእንግዳ ተሞልቷል፤ ግማሾቹን እኔም በደንብ አላውቃቸውም። ሰላምታ ሰጥታ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ክፍሏ በር አለው፣ መቀርቀሪያ ግን ኖሮት አያውቅም፤ ማናችንም አስበነው አናውቅም። ከውስጥ በሩን ስትነካካው ሰማሁ። ወጥታ በጆሮዬ በቀስታ፣ "እማዬ፣ ይሄኛው አይቆለፍም" አለችኝ።

ይሄ እኮ የገዛ ቤትሽ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ጥርሴ ላይ ሲደርስ ከማን እንደሰማሁት አስታወስኩና ዋጥኩት። እንግዶቹ ፊት ምን እንደምላት ግራ ገብቶኝ ባለቤቴን ፈለግኩት። ከእኔ ጎን ነበር የተቀመጠው፤ ሰምቷል። ብድግ ብሎ እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቀና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሱቅ ሳይዘጋ መቀርቀሪያና ካቻቢቴ ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝ።