የመጨረሻዋ አሥራ አንድ ሜጋባይት

ኖርቤርቶ ፑፖ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ አስቀድሞ ይነገርለት። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሮኒክስ አስተምሯል፤ የከተማችን የሬሜዲዮስ ግማሹ ሰው እስከ ዛሬ "ፕሮፌ"፣ መምህር ለማለት፣ እያለ ነው የሚጠራው። አንዲት አመል ብቻ አለችው፤ ቁጥር ይወዳል። እሷው ጉድ አደረገችው።

ሚስቱ ኔሬይዳ የሲጋራ ፋብሪካው አንባቢ ነበረች። ሠራተኞቹ ትምባሆ ሲጠቀልሉ እሷ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች። አቤት ድምፅ! ታሪኩ ልብ ሰቅሎ በሚይዝበት ቦታ መጽሐፉን ጥርቅም ስታደርገው፣ ሰዉ ትምባሆ በሚቆርጥበት ቢላ ጠረጴዛውን ይደበድብላታል። እዚያ ቤት ጭብጨባ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ በሽታ መጣና መጀመሪያ ምላሷን አሰረ፤ ቀጥሎ እግሯን፤ በመጨረሻ የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ብቻ ቀረላት።

ኖርቤርቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ንባቧ የተቀዳባቸውን የፋብሪካውን የድሮ ካሴቶች ሰብስቦ፣ ድምፅዋን እየቆራረጠ፣ በጣቷ የጻፈችውን በራሷ ድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራላት። ችግሩ ያለችው አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ናት፤ ሜሞሪዋ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋባይት ብቻ። ድምፁ ብቻውን ከሦስት መቶ በላይ ይበላል።

"ቀለል ያለውን የማሽን ድምፅ ልጫንልሽ?" አላት።

ኔሬይዳ ፊደል በፊደል ጻፈች፦ "ያ ቆርቆሮ እኔ አይደለሁም። ከፈለግህ እሱን አግባ።"

በሉ እንግዲህ! ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሲስተም ላይ ያሉትን ዴስክቶፖች፣ ማለት የስክሪኑን ገጽታ የሚያሰናዱትን ፕሮግራሞች፣ እያወረደ አንድ በአንድ ይመዝን ገባ። ማሽኗን ያስነሳል፣ ምንም ሳይከፍት ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ስንት ሜሞሪ እንደተያዘ ያያል። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ግኖም በሚባለው ማሽኗ ገና ስትነሳ እጅ ሰጠች። ኤክስኤፍሲኢ ሦስት መቶ አለፈ። ኤልኤክስዲኢ ሁለት መቶ ግድም ሆነና ድምፅዋ መጣ፤ ግን ሜሞሪው ጢም ብሎ ስለሚሞላ በየቃሉ መሀል ይንተባተባል። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቃል ያላደናቀፋት ሴት የገዛ ድምፅዋ ሲንተባተብ ሰማችና ዓይኗን ጨፈነች። በመጨረሻ ዴስክቶፕ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አወጣና ስክሪኑ ላይ የሚከፈቱትን መስኮቶች ብቻ የምታስተዳድር፣ ኦፕንቦክስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አስገባ። ሰባ አራት ሜጋባይት!

"ኖርቤርቶ፣ ፀጉርህን ተቆረጥ እንጂ" አለች ላፕቶፗ፣ ጥርት ባለው በኔሬይዳ ድምፅ። ተንበርክኮ አለቀሰ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት!

አሮጌ ማሽን ያላቸው የከተማው ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኩ ውስጥ ይገናኛሉ። ጨዋታቸው ማን ትንሽ ሜሞሪ ይበላል ነው። ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ዮስቫኒ ሰባ አንድ ላይ ደርሶ ነበር።

"ፕሮፌ፣ ተማሪህ በለጠህ እኮ! እንዴት ብሎ ነው እንቅልፍ የሚወስድህ?"

"ቆይ ብቻ፣ አሳይሃለሁ።"

ለኔሬይዳ ሰባ አራቱ ከበቂ በላይ ነበር፤ ይህን እሱም ያውቃል። ቤቱ ገብቶ ግን የሚነቀል ነገር ፈለገ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የምትጮህ ትንሽ ፕሮግራም ነበረች፤ አሥራ አንድ ሜጋባይት። መብራት በጠፋ ቁጥር እሷ ስትጮህ ነው ኖርቤርቶ ላፕቶፗን ታቅፎ የዮስቫኒ የሞተር ባትሪ ላይ የሚሰካው። "እኔ አለሁላት አይደል?" አለና ነቀላት። ስልሳ ሦስት።

ማክሰኞ ኔሬይዳ ከማለዳ ጀምራ ስትጽፍ ነበር። "ለአንተ የምነግርህ አለኝ። ሳልጨርስ እንዳታይ" ብላዋለች። ፕሮግራሙ ደግሞ "ተናገር" የሚለው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ጽሑፉን ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማሽኗ ከጠፋች አብሮ ይጠፋል። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ብርቅ አይደለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ኖርቤርቶ ዳቦ ሊሰለፍ ወጣ። ጩኸት ካልሰማ ባትሪ አለ ብሎ ማመን የለመደ ጆሮ ነው፤ ራሱ እንደነቀላት በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም።

ዮስቫኒን ሰልፉ ላይ አገኘው።

"ስልሳ ሦስት!" አለው ገና ከሩቁ።

"ውሸት!"

"በእናቴ! ና እይ።" ደብተሩን አወጣ። ሰልፈኛው ሳቀባቸው። ዳቦውን ከያዘ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ተከራከሩ።

ቤት ሲደርስ የላፕቶፗ ስክሪን ጨልሟል። የኔሬይዳ ጣት ግን ቁልፎቹ ላይ አሁንም ትወርዳለች፣ ትነሳለች። ኖርቤርቶ ዳቦውን ጥሎ ማብሪያዋን ደጋግሞ ተጫነ።

"ጨርሰሽ ነበር?"

ዓይኗን ሁለት ጊዜ ጨፈነች፤ አልጨረስኩም ማለት ነው።

"ብዙ... ብዙ ጽፈሽ ነበር?"

አንድ ጊዜ ጨፈነች።

"ፊደል እየጠራሁልሽ በዓይንሽ ትነግሪኛለሽ፤ እሺ?" ብሎ ጀመረ። አምስት ፊደል ሳይሄድ እንባዋ ወረደ። ዓይኗን ጨፍና ቀረች።

መብራቱ በማግስቱ መጣ። የኔሬይዳ ጣት ግን ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ሐሙስ ሳንባዋን ያዛት፤ እሁድ ቀበርናት። የፋብሪካው ሰዎች ቢላቸውን ይዘው መጥተው የሳጥኑን እንጨት ቀስ አድርገው መቱላት።

ዮስቫኒ ለልቅሶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። "ፕሮፌ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። እኔ ነኝ ያበሸቅሁህ።"

"ዝም በል። አንተ አልነቀልካትም።"

ሲሄድለት ኖርቤርቶ ያችን ጯሂ ፕሮግራም መልሶ ጫናት። እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ለካና ስልሳ ሦስቱን ሰርዞ ሰባ አራት ጻፈ። ከዚያ የንግግሩን ፕሮግራም ከፈተና የገዛ ስሙን ጽፎ "ተናገር" የሚለውን ተጫነ።

"ኖርቤርቶ" አለች ኔሬይዳ።

"አቤት" አላት። ወደ ማሽኗ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፤ "አቤት፣ ኔሬ" አላት ደግሞ።