ኑርጃን የደበቀቻት ፊውዝ

ኑርጃንን የማያውቅ ሰው ኩልና ከተማ ገበያ ውሎ አያውቅም ማለት ነው። ባሏ ሲሞት ከአሳ ተራ ጀርባ ያለችውን የኤሌክትሪክ እቃ ጥገና ሱቁን ተረከበች። "ሴት ምን ታውቃለች?" ያሉት ሁሉ ዛሬ የተበላሸ እቃቸውን ታቅፈው እሷ ደጅ ይሰለፋሉ። አፏም እንደ ፒንሳዋ ነው፤ ከያዘ አይለቅም።

ታዲያ ይቺው ሴት አንዴ አንገቷን ደፋች። ልጇ ሺውሊ ታጭታ ነበራ! ኒካ እስኪታሰር የሙሽሪት እናት ለሙሽራው እናት እምቢ አትልም። ካለች "ከአሁኑ ናቁን" ይባልና ጋብቻው ይፈርሳል። የሙሽራው እናት ዲልሩባ ይቺን ደንብ አሳምራ ታውቃለች። የሩዝ ማብሰያዋን ታቅፋ ከች አለች።

"ሞተብኝ። ፊት ለፊትሽ ያለው ጠጋኝ ሎክማን ፊውዟን ነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ ያስርልኝ ነበር። ዘመድ እያለሽ ባዳ ጋ ሄድሽ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊልኝ።"

ኑርጃን ከፈተችው፤ የማብሪያው ጠርዝ ተፋፍቋል። ፊውዟ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ብትበልጥ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል እሷ ተቃጥላ መብራቱን ትቆርጣለች። አንዴ ከሞተች ደግሞ አትነሳም።

"እትዬ፣ ማብሪያው ላይ ማንኪያ ይወትፋሉ እንዴ?"

"ታዲያስ! ካልወተፍኩበት ማብሪያው ቶሎ ዘሎ ይጠፋል። እኔ የሚጥመኝ የተጠበሰው ታቹ ነው። ምነው፣ ሩዝ ልታስተምሪኝ ነው?"

"ኧረ እኔ! እሺ፣ እንዳሉት።"

አደረገችው? ምን በወጣት! አዲስ ፊውዝ አወጣች። በብየዳ አልነካቻትም፤ የብየዳው ሙቀት ሥራ ሳትጀምር ይገድላታላ። እግሮቿን ከሽቦው ጋር በትንንሽ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ከታ በፒንሳ ጨመቀቻቸው። ክዳኑን ገጥማ፣ ዓይኗ እንኳ ሳይርገበገብ "ይኸው፣ በቀጥታ!" አለች።

ዲልሩባ ሰፈሩን ዞራ አወራች። "የምራቴ እናት? ያልኳትን ነው የምታደርገው!"

ኒካው ሲቃረብ ግን ያው ማብሰያ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዷ ብሎ አረፈ።

"ውሸታም! በቀጥታ አላልሽም? ደግሞ ሞተ! ሎክማን ከፍቶ አሳየኝ፣ ፊውዝ አለው! ልጄን ለውሸታም ቤት ልድር?"

ገበያው ጆሮውን ቀሰረ። ሺውሊ ከጓዳ ብቅ ብላ ከንፈሯን ነከሰች፤ ልጁን ትወደዋለች። ኑርጃን ድስቱን አዘነበለችው። ሩዙ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል።

"እትዬ፣ ይሄ ሲያር የት ነበሩ?"

"ጎረቤት... ለአፍታ።"

"ማንኪያውስ?"

"እንደተወተፈ።"

"ቤት ማን ነበር?"

የዲልሩባ ድምፅ ወረደ። "አማቴ። አልጋ ላይ ናቸው፣ አይነሱም።"

"እንግዲህ ሎክማን አስሮት ቢሆን፣ ዛሬ እርስዎ ለጠብ አይመጡም ነበር። እኔ ነበርኩ ለለቅሶ የምመጣው።"

ዲልሩባ በርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ድስቱን አየች፣ አየች። ቀና ስትል፣

"ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል?"

"ሺውሊ አሳ አሳምራ ትሠራለች ያልኩትን።"

"እሱንማ ቀምሼ አውቄዋለሁ!" ሳቋ አመለጣት። "በይ ፊውዟን ቀይሪልኝ። ቀኑ አይለወጥም። ማንኪያዬን ግን እንዳትነኪብኝ።"

"እምቢ" አለች ኑርጃን።

ኒካው ሳይታሰር! ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ዲልሩባም ማንኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አስረከበች።