እናቴና እህቷ የፈሩት

እናቴ ሐይቅ ከተማ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው ልቧ ከደከመ በኋላ ነው። ደሴ ያያት ሐኪም ብዙ ጊዜ እንደሌላት ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ፤ ለእሷ ግን «መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» ብቻ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ ሳሏን አዳምጥ ነበር። ስትስል እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትል የባሰ እደነግጣለሁ።

አንድ እሑድ ያበጠ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብላት ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«አንቺ እንኳ ተምረሻል። ስሞት እናቴን አገኛታለሁ?»

እናቴ ተወልዳ ያደገችው አምባሰል፣ እስላም ቤት ነው። ክርስትና የተነሳችው አባቴን ስታገባ ነው። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ በሃይማኖቷ ጸናች። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። በፋሲካም በኢድም እንጠራራለን፤ ከብቱ ብቻ ለየብቻ ይታረዳል። እናቴ የምትቀበረው ቤተ ክርስቲያን፣ አባቴ አጠገብ እንደሆነ፣ አያቴ ደግሞ እስላም መቃብር እንዳረፈች ሁሌም አውቃለሁ። ነገሩ አስጨንቆኝ ግን አያውቅም ነበር።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁም። ሰው ከሞተ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። «እንዴታ፣ ታገኛታለሽ» ልላት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

እግሯን ከሳፋው አወጣች። «የነፍስ አባቴም ለእግዚአብሔር ተይው አሉኝ። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለች። እኔም ክፍል ውስጥ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ እያቃተኝ፣ ምን ነበር ብዋሻት እያልኩ ራሴን ስበላ ሰነበትኩ። ሲጨንቀኝ ለአክስቴ ደወልኩላት።

በማግስቱ እርጎ ይዛ ከውጫሌ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች እናቴ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት።

አክስቴ እርጎውን መሬት አስቀመጠች። «እኔም እኮ እፈራለሁ» አለች። «ሶላቴን አላጓደልኩም፤ ግን እፈራለሁ። አንዳንዴ፣ እህቴ ከሌለችበት ጀነት ብገባስ ምን ያደርግልኛል እላለሁ። መልሼ ደግሞ አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ እላለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባትና ሁለታችን ደግፈን ቀና አደረግናት።

«እኔ ብቻ የምፈራ መስሎኝ ነበር» አለች ትንፋሿ ሲመለስ። ከዚያ እርጎውን ጠጣች።

አክስቴ አሥራ አንድ ቀን ሰነበተች። እዚያው ክፍል ስትሰግድ እናቴ ሳሏን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዝ ነበር። ስለ ሞት ዳግመኛ ሲያነሱ አልሰማሁም፤ የሚያወሩት ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አንዲት ክፉ ላም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ውሃ ጠይቃ፣ ሁለት ጉንጭ ጠጥታ፣ እህቷን እያየች አረፈች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበረ ወይ እያልኩ ዛሬም ድረስ አስባለሁ። የነበረ ይመስለኛል።

ፍትሐቱ ሲደረስ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቆማ ዱዓ አደረገች። ስንወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ተቀባይ ይኑራት» አለችኝ። «ማን እንደሚቀበላት እሱ ያውቃል።»

«አሜን» አልኳት፤ ክንዷን ይዤ ቁልቁል ወረድን።